«በቃኝ»

ደሴ ያደገ ሰው «በቃኝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። እኔም ስዊድን እስክሄድ አላውቅም ነበር።

እኛ ሰፈር «ብላ» ስትባል «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትላለህ። አልበላህም። ሴትየዋም እንዳልበላህ ታውቃለች። «በሞቴ!» ትልሃለች። ትግደረደራለህ። በሦስተኛው እጅህን ትታጠባለህ።

ስቶክሆልም በገባሁ ሰሞን ዕቃ ልወስድ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ጎራ አልኩ። ሊበላ ሲቀመጥ ደረስኩ። «ትበላለህ?» አለኝ። ሆዴ እየጮኸ «አይ፣ ደህና ነኝ» አልኩት። «እሺ» ብሎ ድስቱን ከደነው። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ሳህኑን አጠበ። ሦስተኛው እስከ ዛሬ አልመጣም።

እኔስ ትልቅ ሰው ነኝ። በፈረንጆቹ 2022 ኢንተርኔቱን ያመሰው ወሬ የባሰ ነው። ልጅ ጓደኛው ቤት ሲጫወት ይመሻል፤ ቤተሰቡ እራት ይበላል፤ እንግዳው ልጅ መኝታ ክፍል ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ድሮ ነው የሚሉ አሉ፣ ሁሉም ቤት አይደለም የሚሉም አሉ። ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«ልጁ ምን አጥፍቶ ነው?» አለችኝ።

በነገራችን ላይ፣ አገሬ ያለሁ የመሰለኝ ሰሜን ስዊድን፣ ኡሜኦ ከተማ ስሄድ ነው። እዚያ «አዎ» ለማለት እንደኛው አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። ስቶክሆልም ሳብ ሳደርግ «ምነው ደነገጥክ?» ይሉኝ ነበር። ኡሜኦ ባለሱቁን ወተት አለ ወይ ብዬ ብጠይቀው ሳብ አደረገ። እኔም ሳብ አደረግኩ። ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ዘንድሮ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ሁለተኛ እንጀራ ስትዘረጋ «በቃኝ» አልኳት። የምር በቅቶኝ ነው። «በሞቴ» አለች። «በቃኝ።» «አፈር ስሆን!» «እማዬ፣ በቃኝ።» እንጀራውን መለሰችና ግንባሬን ዳበሰች።

ቡና ሲፈላ ሰፈሩ ሊጠይቀኝ መጣ። «አብሽር ልጄ» እያሉ ገቡ። አንዷ ጎረቤት ትኩስ አነባበሮ ይዛለች። «ትንሽ ልቁረስልህ?» አለችኝ።

ሽታው ምራቄን አመጣው። «እሺ» አልኩ፣ በመጀመሪያው።

እናቴ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። «አላልኩሽም?»