እናንተ ምሕረት ጠባቂዎች

የሀዋሳ ነጋዴ ወገኖቼ፣ እስቲ ዛሬ ሳንሸፋፍን እናውራ። ተቆጣን ብላችሁ እንዳትቀየሙ፣ ለራሴም ጭምር ነው የምናገረው።

ሐምሌ በገባ ቁጥር አሮጌ ገበያ አካባቢ የምሰማው ወሬ አንድ ነው። «ቆይ ትንሽ፣ የግብር ምሕረት ሊመጣ ነው አሉ።» ማን አለ? ማንም አያውቅም። ባጃጅ ውስጥ የተሰማ፣ ቡና ላይ የተደገመ፣ ማታ ቴሌግራም ላይ ዞሮ የመጣ ወሬ ነው። በዚህ ወሬ ግን ዓመት እንገፋለን። ለገብርኤል የተሳልነውን ሐምሌ 19 ዝናብ እየደበደበን ይዘን እንሄዳለን፣ አንድ ቀን አናሳልፍም። የግብር መክፈያዋ ሐምሌ 30 ስትደርስ ግን ስልክ አጥፍተን እንቀመጣለን።

ምሕረት ኖሮ አያውቅም አላልኩም። ነበረ። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም፣ ኮሮና ገበያውን ጭር ባደረገበት ሰሞን፣ መንግሥት ከ2007 ዓ.ም በፊት የነበረውን የግብር ዕዳ ተወ። ከ2008 እስከ 2011 ባለው ዕዳ ላይ ደግሞ ወለዱንና መቀጫውን አነሳ። የዚያኛው ፍሬ ግብር፣ ማለትም ዋናው ዕዳ፣ ግን አልተሰረዘም። ልብ በሉ፣ ፍሬ ግብሩ! «ምሕረት» የምትለዋን ቃል ብቻ ሰምተን ሁሉም የተሰረዘልን መስሎን ስንት ሰው እጁን አጣጥፎ ቀረ። ደግሞስ አሁን ምን ይምጣ ነው የምንለው፣ ሌላ ወረርሽኝ?

ባሕር ማዶም ቢሆን እንደምታስቡት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግዛቶቹ በየጊዜው የግብር ምሕረት ያውጃሉ። ፔንሲልቫኒያ በ2017 እ.ኤ.አ. ለ60 ቀን መቀጫውን በሙሉ፣ ወለዱን በግማሽ ተወችላቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቅ ሳይል የቀረ ባለዕዳ ግን 5 በመቶ ተጨማሪ መቀጫ ተከተለው። ኢሊኖይ ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ቀኑ ላለፈበት መቀጫና ወለዱን እጥፍ አደረገችበት። ከዚያ በኋላ መሯሯጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

አንድ ጎረቤቴ አለ፣ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ምሕረት ጠባቂ ነበር። ንግድ ፈቃድ ሊያድስ ሄዶ ክሊራንስ፣ የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ወረቀት፣ አምጣ ተባለ። አብሬው ነበርኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሩን አየች፣ እሱን አየች፣ ደግማ ኮምፒውተሩን አየች። «ጋሼ፣ ዕዳ አለብዎት።» አትማ ሰጠችው። ሦስት መስመር ናት። ፍሬ ግብር፣ መቀጫ፣ ወለድ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ቁጥሩ ያው ነው። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሹፌሩ ይደውላል፣ እሱ አያነሳም።

እንዴት እንዲህ አበጠ? አዋጁ እኮ ተደብቆ አያውቅም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ላይ ተጽፏል፦ ግብሩ ሳይከፈል ሲዘገይ ለመጀመሪያው ወር 5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ 2 በመቶ። 100 ሺህ ብር ያለበት ሰው ዓመት ሲሞላው 27 ሺህ ብር የመዘግየት መቀጫ ብቻ ይቆልላል። ጭራሽ ግብሩን ሳያስታውቅ ከቀረማ ሌላ አለ፣ እስከ 25 በመቶ የሚደርስ። ወለዱ ደግሞ ባንኮች በሚያበድሩበት ከፍተኛ ወለድ ላይ 15 በመቶ ታክሎበት ነው የሚሰላው። ከባንክ ተበድራችሁ ብትከፍሉ ይረክስላችሁ ነበር እኮ! ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህን መስኮት አይተው ይመስለኛል።

የግብር ግምቱ በዝቶብናል ትላላችሁ። ሊሆን ይችላል፣ እኔም ላይ በዝቶብኝ ያውቃል። የውሳኔው ማስታወቂያ በደረሳችሁ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። ካፌ ቁጭ ብሎ መራገም ቅሬታ አይባልም። አንድ ላይ መክፈል ካቃታችሁም ሄዳችሁ በስምምነት ከፋፍላችሁ ለመክፈል ጠይቁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ቫቱ ነው። ከደንበኛ 15 በመቶ ተቀብለን፣ ኪሳችን ከትተን፣ «ምሕረት ይምጣልን» ስንል ትንሽ አናፍርም? እሱ እኮ የኛ ገንዘብ ሆኖ አያውቅም። ደሞ ያቺ ጥያቄያችን! «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ሰውዬው ምስማር ሊገዛ ነው የመጣው፣ እኛ የወንጀል ተካፋይ እናደርገዋለን።

ከጎረቤቴ ሱቅ ቀጥላ ጨርቅ የምትሸጥ እናት አለች። በየዓመቱ በሰዓቱ ትከፍላለች፣ ደረሰኞቿን በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። በኮሮናው ጊዜ የነዚያ ሁሉ ዕዳ ተሰረዘ ሲባል ቆርቆሮዋን ከፍታ እያየች «ታዲያ እኔ ምን ሆኜ ነው የከፈልኩት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እስቲ እናንተ መልሱላት።

ጎረቤቴ ሲጮህ፣ ሲለምን ከርሞ ከፋፍሎ ለመክፈል ተስማማ። እስካሁን በየወሩ ይከፍላል። ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር አሳ እየበላን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠጋ አለኝ።

«ስማ፣ ዘንድሮ ምሕረት አለ ይባላል። ሰምተሃል?»