«ቁጥር አይዋሽም» እያላችሁ የሰው ዕቁብ አታስበሉ

ኧረ ወገን፣ ይሄን ነገር ዛሬ ካልተናገርኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ማርች ገባ ማለት ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ ኤርፖርት፣ እኛ ሹፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ ሌላ ወሬ የለም። የቤት ኪራይ ተረሳ፣ የአገር ቤት ጉዳይ ተረሳ፤ የኮሌጅ ባስኬትቦል ብሔራዊ ውድድርና በእሱ ላይ መወራረድ ብቻ። አንዱ ስልኩን ዘርግቶ ያነባል፣ አምስቱ ከበው ያዳምጣሉ። «ይሄኛው ቡድን በአማካይ 82 ያገባል። ያኛው 74። በስምንት ነጥብ ይበልጠዋል። ስፕሬዱ ግን ስድስት ተኩል ብቻ ነው። የወደቀ ብር እኮ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ማንሳት ነው!» ስፕሬድ ማለት አቋማሪው ይበልጣል ያለው ቡድን፣ በእሱ ያስያዘ ሰው እንዲበላ፣ ሊያልፈው የሚገባ የነጥብ ልዩነት ነው። ከዚያ ያቺ የማልወዳት ንግግር ትከተላለች፦ «ቁጥር አይዋሽም።»

ባለፈው ሳምንት ከከበቡት መሃል አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕቁብ የወጣላቸው በዚያው ሳምንት ነው። ብሩ አገር ቤት ላለችው እህታቸው የቤት ጣሪያ ማደሻ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ራሳቸው ደስ ብሏቸው ነግረውናል። ከላዩ ላይ 1,100 ዶላር አስያዙ። ቡድኑ አሸነፈ። በአራት ነጥብ። ስድስት ተኩል ሰጥቶ በአራት ማሸነፍ መበላት ነው፤ ጋሼ ግን ያንን እንኳ የተረዱት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። «አሸንፈናል አይደል እንዴ?» ብለው በየተራ ፊታችንን አዩ። መልስ የሚሰጣቸው ሰው ጠፋ። የዚያን ዕለት ስልኩን ዘርግቶ ሲያነብ የነበረው ልጅ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋ።

እኔ ይሄን የምጽፈው ቁጥር ጠልቼ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ይዤ ነጥብ፣ ሪባውንድ፣ የጠፋ ኳስ ስመዘግብ ነበር። እኔም በዚያው በአማካይ ነጥብ ተበልቻለሁ፤ ስለዚህ የምናገረውን አውቀዋለሁ። የሚያናድደኝ ነገር ይሄ ነው፦ ያ 82 የሚባለው ቁጥር እውነት ነው፤ ግን እኛ የጠየቅነውን ጥያቄ አይመልስም።

እስቲ እንየው። የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው። ኳስ የያዘ ቡድን በ30 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ ግን አንዱ ቡድን ኳስ እንዳገኘ ይሮጣል፣ ሌላው ሰዓቱ እስኪያልቅ ያመላልሳል። ባለ 82ቱ ሯጭ ነው፤ በአንድ ጨዋታ 76 ጊዜ ያህል ያጠቃል እንበል። ባለ 74ቱ የተረጋጋ ነው፤ 66 ጊዜ። 82ን ለ76 አካፍሉ፦ በአንድ ማጥቃት 1.08 ነጥብ። 74ን ለ66 አካፍሉ፦ 1.12። አያችሁ? ዝቅ ብሎ የሚታየው ቡድን ነው ኳስ በእጁ ሲገባ የበለጠ የሚያገባው! ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ኳስ በየተራ ስለሆነ የማጥቃት ብዛታቸው እኩል ይሆናል፤ ሩጫው የሰጠው ብልጫ እዚያው ይቀራል። ይሄንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፣ ማካፈል ነው። ስንት ይገባባቸዋል የሚለውንማ ከአምስቱ አንድም ሰው አልጠየቀም።

ያስገቡትስ በማን ላይ ነው? በኖቬምበርና በዲሴምበር ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ትንንሾቹን ብር ከፍለው ወደ ሜዳቸው ያስመጧቸዋል፣ በ30 በ40 ነጥብ ይሸኟቸዋል። ያ ሁሉ ነጥብ አማካዩ ውስጥ ተቀምጦ ማርች ድረስ ይመጣል። በዲቪዚዮን አንድ፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ ከ350 በላይ ቡድኖች አሉ፤ አንዱ ቡድን በዓመት የሚጫወተው ግን 30 ጨዋታ ገደማ ነው። ሁለቱ ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ አንድም የጋራ ተጋጣሚ ሳይኖራቸው ሊገናኙ ይችላሉ። እና እናንተ 82ንና 74ን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ትቀንሳላችሁ።

ደግሞ እዚህ ቨርጂኒያ እየኖርን ነው እንዲህ የምንሆነው! ማርች 16፣ 2018ን የረሳ ሰው አለ? የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ 31 አሸንፎ፣ 2 ብቻ ተሸንፎ አንደኛ ዘር ሆኖ፣ ማለትም በድልድሉ ከላይ ተመድቦ፣ ወደ ውድድሩ ገባ። በአማካይ የሚገባበት 54 ነጥብ ገደማ ነበር፤ መከላከሉ የአገሪቱ ቁንጮ። ተጋጣሚው ከዚሁ ከአጠገባችን፣ ከባልቲሞር ዳር የመጣው ዩኤምቢሲ የሚባል የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ 16ኛ ዘር፣ ማለትም ከድልድሉ ግርጌ። በወንዶች ውድድር እስከዚያ ቀን ድረስ አንደኛ ዘሮች ከ16ኛዎቹ ጋር 135 ጊዜ ተገናኝተው 135ቱንም አሸንፈዋል። «ቁጥር አይዋሽም» ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ቁጥር ከየት ይመጣል? እረፍት ላይ 21 ለ 21። ሲያልቅ 74 ለ 54፣ ዩኤምቢሲ። በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ 53 አገቡ፤ ቨርጂኒያ በሙሉ ጨዋታ ይገባበት የነበረውን ያህል ማለት ነው። ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ 24 ወርውረው 12 አስገቡ።

ሰው የሚረሳው ግን ሌላ ነገር ነው። የቨርጂኒያው ተጫዋች ዴአንድሬ ሀንተር ጨዋታው ሊደረግ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የእጁ አንጓ ተሰብሮ ወጥቷል። ያ ሁሉ 31 ድል፣ ያ 54 ነጥብ የተሠራው እሱ እያለ ነው። አማካዩ እጁ መሰበሩን አያውቅም። በኤንቢኤ፣ በባለሙያዎቹ ሊግ፣ ቡድኖች የተጎዱ ተጫዋቾችን አስቀድመው የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ በኮሌጅ ግን ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ግዴታ አልነበረም። አሠልጣኙ ዝም ካለ ዝም ነው። እናንተ ስልክ ላይ የምታነቡት ሜዳ የማይገባ ልጅ ያስቆጠረውን ነጥብ ሊሆን ይችላል።

የሦስት ነጥቡንም ነገር አስቡት። 36 በመቶ የሚያስገባ ቡድን 24 ቢወረውር በአማካይ ወደ ዘጠኝ ያገባል። ግን አንድ ማታ አምስት፣ ሌላ ማታ አሥራ ሁለት ማስገባቱ ምንም እንግዳ ነገር የለበትም። በሁለቱ ምሽቶች መሃል 21 ነጥብ አለ! ስድስት ተኩሉ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። የመጨረሻዋ ደቂቃ ደግሞ አለች፤ የሚመራው ቡድን ፋውል (ጥፋት) እየተሠራበት ፍሪ ትሮው (ነጻ ውርወራ) ይወረውራል፣ አሠልጣኙ ቋሚዎቹን አስወጥቶ ተቀማጮቹን ያስገባል፣ የተሸነፈው ቡድን ማንም ሳይከላከለው አንድ ሦስት ነጥብ ይጥላል። ለተጫዋቾቹ ጨዋታው አብቅቷል። የጋሼ 1,100 ዶላር የሄደችው በዚያች ኳስ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይሄ ነው። አቋማሪው 82ንና 74ን አላየም ብላችሁ ነው? ስፕሬዱን ያወጣው እኮ ያንን፣ ከዚያም በላይ ያለውን ሁሉ አስልቶ ነው። ያንን ቁጥር ከማስያዣው ቁልፍ አጠገብ አሳምሮ በነጻ የሚያሳየን ለምንድነው? እሱን የሚጎዳ ቢሆን ያሳየናል? መቶ ለማግኘት 110 ነው የሚያስይዘን። መቶ ጊዜ ተወራርደን ሃምሳውን ብናገኝ 5,000 ገባ፣ 5,500 ወጣ። ላለመክሰር ብቻ ከመቶው ከ52 በላይ ትክክል መሆን አለብን። ሙሉ ቀን ተሳፋሪ ሲያመላልስ የዋለ ሰው፣ በአንድ አማካይ፣ በአምስት ደቂቃ!

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ለስፖርት ውርርድ በሩን ከከፈተ፣ ቨርጂኒያም በጃንዋሪ 2021 ነገሩን ስልካችን ውስጥ ካስገባችው ወዲህ ማረፊያ አጣን። በስቴቷ ኮሌጆች ላይ መወራረድ በሕግ ክልክል ስለሆነ ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድ ገብቶ፣ መንገድ ዳር መኪና አቁሞ የሚያስይዝ ሰው አውቃለሁ። ለዚያ የሚቃጠለውን ነዳጅ ማን ያስላው?

ሲበሉ ደግሞ ልጆቹን መሳደብ አለ። ከመሃላችን አንዱ ፍሪ ትሮው ለሳተ ተማሪ ኢንስታግራም ላይ የጻፈለትን አሳየኝ። እየሳቀ ነው ያሳየኝ። የእናትን ስም እየጠራ! ተሳዳቢው የዚያ ልጅ እኩያ የሆነች ሴት ልጅ ኮሌጅ አስገብቷል። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ድርጅት፣ የኤንሲኤኤው ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በ2024 በኮሌጅ ተጫዋቾች የግል ውጤት ላይ መወራረድ ይከልከል ብለው ስቴቶችን የጠየቁት ለዚህ ነው፤ ሜሪላንድም ከልክላለች። የ19 ዓመት ልጅ ነው እኮ። ያንተን አማካይ ሊያሟላልህ ቃል አልገባም።

ትናንት ጋሼ መኪናቸውን አጠገቤ አቁመው መስኮት ዝቅ አደረጉ። «አንተ ልጅ፣ ዛሬ ማታስ ብዙ የሚያገባው የትኛው ነው?» አሉኝ። ከዕቁቡ የቀረውን ሊያስይዙ ነው። «ጋሼ፣ እባክዎን ይተዉት፤ የእህትዎ ጣሪያ ይቅደም» አልኳቸው። ዝም ብለው መሪውን ይዘው አሰቡ። ያኔ ነው ከኋላ አንዱ «ጋሼ! በአማካይ 84 የሚያገባ አለ!» ብሎ የጮኸው።

አንተ የጮኽከው ወንድሜ፣ ይሄን እንደምታነበው አውቃለሁ። ስልኬ አለህ። ነገ ከተራው በፊት ቡና ልጋብዝህ፣ ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ።