አስፋልት ላይ የሚሞከር ፎርዊል

«ዞር ዞር አድርገህ እየው» ይላል ሻጩ፤ ዙሩ ግን ከአስፋልት አይወጣም። ላንድክሩዘር 70 እንደ ቤት መኪና ተነድቶ ምኑ ሊታወቅ? ደረቅ አስፋልት ላይ ፎርዊል (አራቱም ጎማ እንዲነዳ) አስገብቶ መጠምዘዝማ ጭራሽ ጥፋት ነው። ኩርባ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል ስለማይዞር ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ይታነቃል፣ ማርሹም አልወጣም ይላል። ኮረኮንች ጠፍቶ ነው? የፊት ጎማዎቹን ከአክሰሉ ጋር የሚያያይዙትን ሀቦች ሁለቱንም ቆልፎ፣ ፎር ሎው (የፎርዊሉን ከባድ ማርሽ) አስገብቶ፣ መሪውን እስከ ጥጉ ጠምዝዞ ዳገት ማስወጣት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። «ቀጭ ቀጭ» ካለ ጎማው ታጥፎም ኃይል የሚያስተላልፈው የፊት ጆይንት አልቋል።

ጋራዡ ደግሞ ይብሳል። በ70 እና 80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪ ሲንቀጠቀጥ የመሪ ሾክ (የመሪውን ንዝረት የሚያበርደውን) ይቀይራሉ። ሾኩ መንቀጥቀጡን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ትንሽ ሰንብቶ ያው ነው። ጎማው ባላንስ ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ኩሽኔታ ነው፦ በየጎኑ ሁለት፣ ላይና ታች። ሲቀየርም ጥብቀቱ በሺም (በስስ የብረት ዝርግ) ይስተካከላል፣ በግምት አይደለም። እዚያው ሲፈታ ግራሶው ቀጥኖ እንደ ሾርባ ከፈሰሰ ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የውስጡ ፓራኦሊዮ የዲፈረንሻል ዘይት እያሳለፈ ነው። ፓራኦሊዮውን ትቶ አዲስ ግራሶ መጠቅጠቅ ምን የሚሉት ጥገና ነው?