ለድመት ሚዶ፣ ለእኛ ኩርኩም

ሐበሻ ቤት ያደገች ሴት ፀጉር መበጠር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። እናት ወይ አክስት በሁለት ጉልበቷ መሀል ቀርቅራ ትይዝሻለች፣ ሚዶው ከሥር ተነስቶ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል፣ ትጮኺያለሽ፣ «ዝም በይ!» ይመጣል፣ ካልበቃሽ ኩርኩም ይጨመራል። ሹሩባው ግን ያምር ነበር፤ እሱን መካድ አይቻልም።

እንግዲህ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአክስቴ ልጅ ፐርሺያን የሚሏትን ባለ ረጅም ፀጉር ድመቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ «የኔ ቆንጆ፣ ትንሽ ቀረን፣ አይዞሽ» እያለች ማታ ማታ ስታበጥር፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡት አክስቴ ምን እንደሚሰማቸው አስቡት። «አንቺን በዚህ አያያዝ አበጥሬሽ ቢሆን እስካሁን ኬጂ ነበርሽ» አሏት። እሳቸው ቤት ድመት የምትቀጠረው ለአይጥ ነው፤ ፀጉሯ የራሷ ጉዳይ ነው።

ልጅቷ ግን ልክ ናት። የሰፈራችን ድመት አጭር ፀጉሯን በምላሷ ትጨርሰዋለች። ፐርሺያን ግን ከረጅሙ ፀጉር ሥር እንደ ባዘቶ ያለ ሌላ ፀጉር አላት። እሱ በየቀኑ ካልተበጠረ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት ሥር፣ ሆዷና የኋላ እግሮቿ መሀል እየተጠቀለለ ቋጠሮ ይሆናል። ቋጠሮው ቆዳዋን ስለሚጎትት ያማታል። ስለዚህ እንደ እናቶቻችን ከሥር አይጀመርም! ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ ተይዞ፣ የፀጉሩ ሥር በጣት ጠበቅ ተደርጎ፣ ከጫፉ በትንሽ በትንሹ እየተፈታ ወደ ሥሩ ይኬዳል። ጊዜው ደግሞ በልታ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ነው። ሆድ መጨረሻ ላይ፤ ሆዷን ለማንም አታምንም። ጭራዋን ማወናጨፍ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ መለጠፍ ከጀመረች በቃ፣ ማበጠሪያውን አስቀምጡ፣ የቀረው ነገ ይደርሳል። (እኛም ጭራ ቢኖረን ስንቱ ሹሩባ በግማሽ ይቀር ነበር።)

ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ነገሩ ሸንጎ ሆነ። ሐበሻ ስለማያውቀው ነገር ሐሳብ አያጣም። አንዷ «ለጋ ቅቤ ቀቢያት» አለች። ልሳ ልትጨርሰው! አንድ ጋሼ ደግሞ «ቋጠሮውን በመቀስ ቆርጦ መገላገል ነው» አሉ። ይሄ እንኳን አያስቅም። የድመት ቆዳ ስስ ነው፣ ከቋጠሮው ጋር አብሮ ይነሳል፣ ፀጉር የቆረጣችሁ ሲመስላችሁ ቆዳ ትቆርጣላችሁ። ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስንሶ በጣት ማፍታታት፣ እምቢ ካለ ደግሞ ባለሙያ ጋ ወስዶ በማሽን ማስላጨት ነው። ሦስተኛው «እጠቢያት፣ ይለቃል» አለ። ውሃ የነካው ቋጠሮ ጭራሽ ይጠብቃል። መጀመሪያ ማበጠር፣ ከዚያ ማጠብ፣ ያውም በሰው ሻምፑ ሳይሆን ለድመት በተሠራው።

አንዱ ደግሞ የአገር ወኔው ተነስቶበት «ለምን የራሳችንን፣ አቢሲኒያን የምትባለውን ድመት አልገዛሽም?» አላት። አቢሲኒያን እርግጥ አጭር ፀጉር ናት፣ ጣጣ የላትም። ፀጉራቸው ረዝሞ የተወለዱትን ዘመዶቿን ግን አሜሪካውያን አርቢዎች ሶማሊ አሏቸው፣ አገሩ ጎረቤት ነው ተብሎ። ድንበር በማበጠሪያ ሲካለል ይሄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ይሄ ሁሉ ሲባል ድመቷ ሶፋው ሥር አንገቷን ዘርግታ ማስታወክ ጀመረች። ወጣ፤ የፀጉር ጥቅልል። ምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮዋ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች አሉ፣ ራሷን ስትልስ የነቀለችውን ፀጉር ከመዋጥ ሌላ ምርጫ የላትም፤ የሚያበጥራት ሰው ካለ የምትውጠው ይቀንሳል። አክስቴን ማብራሪያው አልጣማቸውም።

«ዐይን ነው» አሉ። «ስንቱ ሲያያት ዋለ! ጠበል አምጪና ርጪባት።»

«እሺ እማዬ» አለች ልጅቷ ማበጠሪያዋን እየፈለገች፣ «ግን ሳትበጠር ውሃ አይነካትም።»