ጸሐፊዋ ልጅ

ደሴ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። አክስቴ ቤት ቡና እየተፈላ ነው፤ በመስኮቱ ጦሳ ጉም ለብሶ ይታያል። የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ አጠገቤ ተቀምጣለች። የተማሪዎች ፓርላማ ውስጥ መግባቷን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

"ምንድን ነሽ እዚያ?" አልኳት።

"ጸሐፊ።"

"አምናስ?"

"አምናም ጸሐፊ። ሰብሳቢው ሁሌ ወንድ ነው። የሴት ጽሕፈት ያምራል ይላሉ።"

ይህችን መልስ ይዤ አደርኩ።

እኔ ጀርመን ስገባ አገሩን የሚመሩት አንጌላ መርክል ነበሩ። ቋንቋ ስማር እሳቸው፣ የመኖሪያ ፈቃድ ስጠብቅ እሳቸው፣ ልጅ ስወልድም እሳቸው። ሴት አገር ስትመራ ማየት ከመልመዴ የተነሳ ነገሩን ማስተዋል ትቼ ነበር። ያቺ ልጅ "ጸሐፊ" ስትለኝ ግን ቶሎ ትዝ ያሉኝ መርክል ናቸው። እሳቸውም ጸሐፊ ነበሩና።

መርክል በምሥራቅ ጀርመን ያደጉ የፊዚክስ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የምሥራቅ ጀርመን የመጨረሻው መንግሥት ምክትል ቃል አቀባይ ሆኑ። በ1991 የተዋሐደችው ጀርመን ቻንስለር (የመንግሥት መሪ) ሄልሙት ኮል የሴቶችና የወጣቶች ሚኒስትር አደረጓቸው። ያኔ "የኮል ልጅ" እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። ከዚያ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር፣ በ1998 ደግሞ የፓርቲያቸው ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1999 መጨረሻ ኮል በድብቅ የፓርቲ ገንዘብ ጉዳይ ሲጋለጡ ዋና ጸሐፊዋ ብዕር አነሱ። ፓርቲው ያለ ኮል መራመድ መልመድ አለበት ብለው በጋዜጣ ጻፉ። ያሳደጓቸውን ሰው ነው እንግዲህ። አራት ወር ሳይሞላ የፓርቲው ሊቀመንበር ሆኑ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የ2002ቱ ነገር ነው። ለቻንስለርነት መወዳደር ፈልገው ነበር፤ ፓርቲው ውስጥ ያሉት ትልልቅ ወንዶች ግን አልፈለጉም። መርክል ራሳቸው ባቫሪያ ድረስ ሄደው፣ የእህት ፓርቲው መሪ ኤድሙንድ ሽቶይበር ቤት ቁርስ ላይ ተቀምጠው፣ "አንተ ተወዳደር" አሉት። ሽቶይበር ተሸነፈ። እሳቸው ጠበቁ። በ2005 ተራው የእሳቸው ሆነ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስለ ፀጉራቸውና ስለ ልብሳቸው ያልተባለ ነገር የለም፤ እዚያም ቢሆን ሴት በሰላም አትታይም። ነገር ግን የሚወጡበት እርከን ነበራቸው። መሳሳት፣ ወደ ኋላ ማለት፣ እንደገና መምጣት ይቻል ነበር።

እኛስ? በ2011 ዓ.ም ጥቅምት ላይ የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሆኑ ሲባል እዚያ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ አልቅሻለሁ። ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ መዓዛ አሸናፊ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ያዙ። ከዚያ በፊትም፣ በ2007ቱ ምርጫ፣ ከፓርላማችን መቀመጫ 39 በመቶ ገደማው የሴቶች ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የተመረጠው የጀርመን ፓርላማ 31 በመቶ አካባቢ ነበር። በቁጥር እኛ በልጠን ነበር! ይህን እዚያ ላሉ የሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።

ታዲያ የሚያመኝ ምንድን ነው? የሹመቱን ቀን እናጨበጭባለን፣ ከዚያ እንረሳለን። ሚኒስትሯ ምን ሠራች፣ የት ተሳሳተች፣ ምን ተከራከረች ብሎ የሚከታተል ጥቂት ነው። ሹመቱ ከላይ ይወርዳል፤ ከላይም ይነሳል። ከቀበሌ ጀምራ፣ ተሸንፋ፣ እንደገና ተወዳድራ የወጣች ሴት ስፈልግ ብርቱካን ሚደቅሳ ትዝ ይሉኛል። የእሳቸው እርከን ግን ሁለት ጊዜ እስር ቤት፣ ከዚያም ስደት ነበር። በ2011 ተመልሰው ምርጫ ቦርድን መሩ። ያንን ዋጋ ከስንት ሴት እንጠብቃለን?

አክስቴ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። "ወሎ ላይ ተቀምጠሽ ሴት አልገዛችም ትያለሽ?" ልክ ናት። ወርቂት ወሎን ገዝታለች። በ1857 ዓ.ም ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ ልጇ በቴዎድሮስ እጅ ነበር፤ እሷ ግን ምኒልክን ወደ ሸዋ አሳለፈች። ልጇን ቴዎድሮስ ገደሉት። የደሴው ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነው። የወይዘሮ ስህን ልጅ እቴጌ መነን ደግሞ የአምባሰል ሰው ናቸው። በስማቸው አዲስ አበባ የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ስንዱ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1957 ተወዳድረው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። አርበኛ ነበሩ፤ ጣሊያን አዚናራ ደሴት ላይ አስሯቸው ነበር።

ልጅቷ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የሰማችው የወርቂትን ብቻ ነው፣ እሱንም ከአያቷ።

"ያቺ የናንተ ሴትዮስ፣ አሁን የት ናት?" አለችኝ አክስቴ በረካውን እየቀዳች።

"ጡረታ ወጡ። 16 ዓመት መርተው፣ እንደገና አልወዳደርም ብለው አስረከቡ።"

"ማንም ሳያባርራት?"

"ማንም።"

"ወላሂ?" ሲኒውን እንደያዘች ቆየች።

ልጅቷ የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው። "እትዬ፣ ያንን የጋዜጣ ጽሑፍ ሲጽፉ ማንን አስፈቀዱ?"

የፓርቲውን ሊቀመንበር እንኳ አላስፈቀዱም ብዬ ነገርኳት።