ይለጠጣል

እኔ ውለታ የምረሳ ሰው አይደለሁም። በእርግዝናዬ ወራት የደብረ ብርሃን ልብስ ነጋዴዎች የዋሉልኝን አንድ በአንድ ቆጥሬ ይዣለሁ። ጨርቅ አልሰጡኝም እንጂ ቃል ሰጥተውኛል፤ ያውም ልብስ ሰፊ የማይደፍረውን ችግር በአንድ ትንፋሽ የምትጨርስ ቃል። «ይለጠጣል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስተኛ ወሬን ስይዝ ሁለቱ ሰፋፊ ቀሚሶቼ በቃን አሉኝ። ከመፀነሴም በፊት ደልደል ያልኩ ሴት ነኝ፤ «ደልደል» ስል ራሴን እያቆላመጥኩ ነው፣ ሰፈሩ ሌላ ቃል አለው። ብቻ አንድ የእርጉዝ ቀሚስ ልግዛ ብዬ ዋናው መንገድ ዳር ወዳለ ቡቲክ ሄድኩ። ደጃፉን ሳልረግጥ ሻጩ ልጅ ለክቶ ጨርሶኛል። ሜትር አላነሳም። የኛ ሰው ሜትሩ ዓይኑ ውስጥ ተሰፍቶለት ነው የሚወለደው።

«እናት፣ ያንቺ ቁጥር የለም» አለኝ።

ሰላምታ መሆኑ ነው። ምን እንደምፈልግ ገና አልተናገርኩም፤ ለእህቴ ልጅ ካልሲ ልገዛም እችል ነበር። እንዲህ ያለ አገልግሎት ግን ሌላ ቦታ አይገኝም። ሳይጠየቁ ይመልሳሉ፣ ያውም ጎረቤት ሱቅ ድረስ እንዲሰማ አድርገው።

«ግን ፍሪ ሳይዝ አለ» ሲል ቀጠለ።

ፍሪ ሳይዝ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። በአንድ ቁጥር ተሰፍቶ ለሰው ዘር ሁሉ የሚሆን ልብስ ነው። «ለሰው ዘር ሁሉ» ሲባል እኔን አይጨምርም፣ አክስቴን አይጨምርም፣ ከአክስቴ የጽዋ ማኅበርተኞችም አንዳቸውን አይጨምርም። የቀረውን ግን ልክክ ይልበታል።

ልጁ ቀሚሱን ከማንጠልጠያው አወረደና ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ማስቲካ ግራና ቀኝ ሳበው። «አየሽ? ይለጠጣል!» አየሁ። እውነትም አንድ ጎረምሳ በሁለት እጁ እስከሳበው ድረስ ይለጠጣል። ሂሳቡን ሳሰላው ቀሚሱ 1,800 ብር ነው፤ ልጁ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ከኋላዬ እየተከተለ እንዲስብልኝ ደመወዝ ልቆርጥለት ነው።

መለኪያ ክፍል ገባሁ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ደብረ ብርሃን ብለው ከሰየሟት ከተማ፣ ያ ብርሃን ያልደረሰበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው። በሲባጎ የተሰቀለ አበባማ አንሶላ ከሱቁ ይለየዋል። ከአንሶላው ወዲህ እኔ፣ አንድ መጥረጊያና የጫማ ካርቶኖች አለን። ቀሚሱን በራሴ በኩል አጠለቅሁት። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ታች አይሄድ፣ ወደ ላይ አይመለስ። ሁለት እጄ እግዚኦ እንደሚል ሰው ወደ ላይ ተዘርግቷል፣ ፊቴ ጨርቁ ውስጥ ነው፣ ሆዴ ውጭ ቀርቶ ብርድ ይመታዋል። ጨርቁ አፍንጫዬ ላይ ተወጥሮ ወንፊት ሆኗል፤ በየቀዳዳው የአንሶላው አበባ ይታየኛል። ውስጥ ያለው አንዴ ረገጠኝ። እሱንም ሳይጨንቀው አልቀረም።

«ገባ?» አለ ልጁ ከውጭ።

«ማን?»

«ታገሺው፤ ይለጠጣል።»

መስኮቱ ላይ የቆመችው አሻንጉሊት እርጉዝ ናት። ክንዷ ሸንበቆ፣ ዳሌዋ የለም፣ መሃሏ ላይ ኳስ ተቀብሯል። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ኳሱን አውጥታ የምትጫወትበት ትመስላለች።

አንዳንድ ነገር የሚያበዙ ሰፊዎች የእርጉዝ ልብስ የራሱ ቅድ አለው ይላሉ። ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ ጨርቁን ወደ ላይ ይስበዋልና የፊቱ ከኋላው መርዘም አለበት፣ ከጡት ሥር ሰብሰብ ብሎ ከዚያ መላላት አለበት፣ ትከሻውና ክንዱ ግን በሴትዮዋ ልክ ይቀራል ይላሉ። ነጋዴዎቻችን ይህን ሁሉ ጣጣ አስቀርተውታል። ቀጭኗ እርጉዝ ስትመጣ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ተራ ቀሚስ ይሰጧታል፤ አለቀ። ለኔ ቢጤዋ የሚበልጥ ቁጥር ስለማይገኝ ከጓዳ ተፈልጎ «ሦስት ኤክስ ኤል፣ ቱርክ ነው» የተባለ መጣልኝ። ትከሻው ክንዴ መሃል ወረደ፣ አንገቱ ደረቴን ለከተማው ገለጠ፣ ሆዴ ላይ ግን እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። ከፊት ጉልበቴን ያሳያል፣ ከኋላ መሬት ይጠርጋል። ልጁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየኝና «ፋሽን ነው» አለ።

ከጎኑ ያለው የወንዶች ሱቅ ግን ያስቀናል። አራት ኤክስ ኤል ሸሚዝ በየቀለሙ ተደርድሯል፣ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሱሪ አለ፣ ቀበቶው እንኳ ተጨማሪ ቀዳዳ ተበስቶለታል። በአገራችን የወንድ ቦርጭ ልብስ አጥቶ አያውቅም። ዐሥር ዓመት አርግዞ ያልወለደ ሆድ ሙሉ ሱቅ ሲከፈትለት፣ በዘጠኝ ወሩ ሥራውን ጨርሶ የሚሄደው ሆድ አንድ ማንጠልጠያ አጣ። «ለባልሽ ነው?» አለኝ ባለሱቁ። «አዎ» አልኩና ለራሴ ሁለት ሸሚዝ ገዛሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ምርቃት አልጎደለብኝም። ሰሜን ሸዋ ለወፍራም ሰው ክፉ አይናገርም፤ ወፍራም ማለት የተመቸው፣ ቤቱ የሞላ ማለት ነው። ከጠባሴ ተነስቼ ገበያ እስክደርስ «ወፈርሽ! ተመቸሽ!» የማይለኝ የለም። «መንታ ነው አይደል?» ይሉኛል፤ አንድ ነው ስላቸው አልትራሳውንዱን ይጠራጠራሉ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ይሉኛል። የባጃጅ ሾፌሩ እንኳ «ማዘር፣ መሃል ላይ ሁኚልኝ» ብሎ ሚዛኑን ሳያስተካክል አይነሳም። ምርቃቱ ሁሉ ኤክስ ኤል ነው። ኤም የሆነው ቀሚሱ ነው።

ምክርም አለ። አንዷ ባለቡቲክ «አሁን አትግዢ የኔ እህት፣ ገና ትወፍሪያለሽ፤ ብርሽ ይባክናል» አለችኝ። አዋላጇ የነገረችኝ ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ሐኪሞች የሚጠቅሱት፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ መመሪያ መካከለኛ ክብደት ያላት ሴት በእርግዝናዋ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር መልካም ነው ይላል፤ ከመነሻዋ እንደኔ ለከበደችው ግን ከ5 እስከ 9 ኪሎ ይበቃታል። እንግዲህ ከሆዴ በቀር ብዙ የሚለወጥ ነገር የለኝም፤ አንድ ልክ የሆነ ቀሚስ ባገኝ እስከ ምጥ ያደርሰኝ ነበር። ይህን ለባለቡቲኳ አልነገርኳትም። አንድ ቀሚስ ገዝቶ የሚጠፋ ደንበኛ ምን ያደርግላታል?

ፍሪ ሳይዝ ቡቲክ ውስጥ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ለክትትል በሄድኩበት ቦታ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ ጠቀለሉት። ጫፍና ጫፉ ለአመል ያህል ተነካካ። አየር ሲሞላ «ጭርርር» ብሎ ተላቀቀ። ነርሷ በመዳፏ አፍና ይዛ እንደገና ሞላችውና 150 በ95 ብላ ፊቷን አጠቆረች። እርጉዝ ላይ ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም፤ እኔም ላብ አጠመቀኝ። ደግነቱ አንዲት ጠና ያለች አዋላጅ ክንዴን አየችና ከመሳቢያ ሥር ሰፊውን መለኪያ አውጥታ ለካችኝ፤ 128 በ82። ጠባብ መለኪያ በወፍራም ክንድ ላይ ግፊትን ያለመጠን ከፍ አድርጎ ያነባል። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ እጅግ ትልቁ መለኪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 20 ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። እዚህ ላይ ሽሙጤን አንድ አፍታ ላስቀምጥ፤ እህቶቼ፣ ሰፊው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

«አዲስ አበባ ሂጂ፣ መርካቶ የሌለ የለም» ያሉኝም ነበሩ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። በሰባተኛ ወሬ፣ በሚኒባስ፣ ጫጫ ላይ አንዴ ሸኖ ላይ አንዴ «ሽንት ቤት» ብዬ ተሳፋሪውን ሁሉ እያስቆምኩ ሄድኩ። የመርካቶው ሻጭ ቀሚሱን በሁለት እጁ ያዘና ሳበው። ያለውን ታውቁታላችሁ።

ለነገሩ በከተማችን በልኬ የሚመረት ልብስ የለም ማለት ስም ማጥፋት ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፋብሪካ ተተክሎለት ይመረታል፤ ብርድ ልብስ ይባላል። ብብት አይይዝም፣ ሆድ አይመርጥም፣ ለመንታም ይተርፋል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ለሚያነጣበት አገር ከዚህ የበለጠ የእርጉዝ ልብስ ከየት ይመጣል? ሁለት እጅጌ ቢወጣለት ቢሮም ያስኬዳል።

መሃል ሜዳ ያለችው አያቴ ችግሬን በስልክ ስነግራት ጨርሶ አልገባትም። «ደግሞ ልብስ ነው እንዴ ሰው የሚመርጠው?» አለች። በሷ ጊዜ ቀሚሱ ሰፊ ነው፤ ወገብ የሚያወጣለት መቀነቱ ነው። ሆድ ሲመጣ መቀነቱ አንድ ዙር ይቀንሳል፣ ሲገፋ ከፍ ብሎ ላላ ይላል፣ ሲወለድ ደግሞ የአራስ ሆድ ማሰሪያ ይሆናል። በአንድ ቀሚስ ሦስት ልጅ እንደወለደች ነገረችኝ። እኛ ግን ሠልጥነናል፤ መቀነት ጥለን ላስቲክ ገብተናል።

በመጨረሻ ድካሙ አሸነፈኝና ያንን ቱርክ ገዛሁት። በሁለተኛው ቀን ከመደርደሪያ በርበሬ ላወርድ እጄን ስዘረጋ ጨርቁ ጧ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው፤ እኔ የብብቴን ቀደድኩ እንጂ። ልመልስ ስወስደው ልጁ ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ እየመረመረ ከልቡ አዘነ። «እናት፣ አብዝተሽ ለጠጥሽው» አለኝ።

የቀሩኝ ልብስ ሰፊ ናቸው። ገበያው ዳር ሲንጀራቸውን ይዘው የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አራት ሜትር የጥጥ ጨርቅ ይዤላቸው ሄድኩ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው እምብርቴ ላይ አዞሩት። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ናት፤ ብዙ አላስተረፍኩባትም። ደብተር ለያዘው ልጅ፣ ከመንገዱ ማዶ ቡና ለሚጠጡትም እንዲደርስ አድርገው «መቶ ሠላሳ ስድስት! ጻፍ!» አሉ። አንዲት ሴትዮ ማዶ ስኒዋን አስቀምጣ «ማርያም በሽልም ታውጣት» አለች። አልተቀየምኩም። በዚያ ሁሉ ወር በዓይኑ ሳይሆን በሜትር የለካኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ጠመኔ አንስተው የፊቱን ጨርቅ ከኋላው አራት ጣት ያህል አስረዘሙና «ሆድ ቁመት ይበላል» አሉ ለራሳቸው። ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም።

«ከፊት ቁልፍ አደርግልሻለሁ ልጄ፤ ኋላ ለማጥባት ይመችሻል።»

«መቼ ልምጣ አባባ?»

«ቅዳሜ።»

ቅዳሜ ሄድኩ፤ መብራት ጠፍቶ ነው አሉኝ። ሲንጀሩ በእግር የሚረገጥ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ለቅሶ ሄደዋል። በሦስተኛው የዚያ ቀለም ክር ከገበያ ጠፋ። በአራተኛው የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ዓርብ ማታ ምጥ ይዞኝ በባለቤቴ ጃኬት ተጠቅልዬ ሐኪም ቤት ገብቻለሁ።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ቀሚስሽ ደርሷል።»

«አባባ፣ እኔ እኮ ወለድኩ።»

«እሰይ! እንኳን ማርያም ማረችሽ! ምንድን ነው?»

«ወንድ።»

«ያሳድግልሽ! ያሳድግልሽ!» አሉና ጥቂት ዝም አሉ። «እንግዲያ ቀሚሱ ሳይሰፋሽ አይቀርም። ግድ የለም ልጄ፣ ይጠባል።»

ስልኩን በትከሻዬ እንደያዝኩ ወደ ደረቴ ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነታቸውን ነው፤ ይጠባል።