የዓባይን ልጅ ፓምፕ አማረው

ሰሞኑን ባሕር ዳር በተካሄደ አንድ የቱሪዝም ውይይት ላይ፣ ከተማዋ እንደ ለንደን ሰው ሠራሽ የታንኳና የራፍቲንግ (በጎማ ጀልባ ፈጣን ውኃ የመውረድ ስፖርት) ማዕከል ይገንባላት የሚል ሐሳብ ቀረበ። ተናጋሪው «ወጣቱ የታንኳ ባህል የለውም፤ በኮንክሪት ቦይ ይልመድ» አሉ። ጎበዝ! ባሕር ዳር ላይ ይህን ለመናገር ጀርባን ለጣና መስጠት ያስፈልጋል። ደንገል አስሮ፣ ማገዶ ጭኖ ሐይቁን የሚቀዝፈው ሰው የተቀመጠው ምን ላይ ነው? የስፖርቱን ስም እንኳ በአማርኛ ልጥራ ቢሉ ከ«ታንኳ» ሌላ ቃል አያገኙም።

ለንደን ቦይ የሠራችው ቸግሯት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለተካሄደው ኦሊምፒክ ሊ ቫሊ በተባለ ስፍራ 300 ሜትር ቦይ ዘረጋች፤ በአምስት ፓምፖች በሰከንድ 15 ሜትር ኩብ ውኃ ወደ ላይ እየገፋች 5.5 ሜትር ቁልቁል ትለቀዋለች። አገሩ ሜዳ ነው፣ ምን ታድርግ?

እኛ ግን ስሌቱን እንሥራው። ያን ውኃ ያን ያህል ለማንሳት የፓምፑን ብክነት ሳንቆጥር 800 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልጋል። ኃይሉ ከየት ይመጣል? ከዚያው ከዓባይ! የጣናን ውኃ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ በሮች ያዝነው፤ ብዙውን በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ልከን 460 ሜጋ ዋት ለሚያመነጭ ጣቢያ ሰጠነው። 45 ሜትር ገደማ ይወረወር የነበረው ጢስ ዓባይ በበጋ ክር አከለ። አሁን ደግሞ ከመብራቱ ቀንሰን፣ ፓምፕ አስነስተን፣ ራሳችን ያደረቅነውን ፏፏቴ በሲሚንቶ ልንኮርጀው ነው። ላሙን ሸጦ በዋጋዋ የዱቄት ወተት የሚገዛ ገበሬ ጎጃም ውስጥ አይቼ አላውቅም።

የጨረጨራ በር በእጃችን ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰዓቱን ለታችኛው ገበሬ አስቀድሞ አስታውቆ ከፈት ማድረግ ነው፤ ቦዩን ወንዙ ከጥንት ቆፍሮ ጨርሶታል። በ1996 ዓ.ም. ወንዝ ቀዛፊዎቹ ፓስኳል ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ይህንኑ ወንዝ ይዘው እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ወረዱ። በዚያው ዓመት አቴና ለኦሊምፒኳ የባሕር ውኃ የሚነዳበት ቦይ ገነባች፤ ከጨዋታው በኋላ ደርቆ ለዓመታት ተጥሎ ቀረ።

ዓባይ አዞና ጉማሬ አለበት ለሚሉኝ፣ አዎን፣ አለበት። ስለዚህ ቦታ መምረጥና ቀዛፊ ማሠልጠን ነው እንጂ መሸሽ አይደለም። የኮንክሪቱ ገንዘብ ለጢስ ዓባይ ልጆች የጎማ ጀልባና የራስ ቁር ይግዛ፤ የበሮቹ ጠባቂም የመክፈቻውን ሰዓት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍልን።